«ኦልዞው» ካልን በኋላ «በት» ለምን አይከተልም? መስተጻምር፣ ተውላጠ ስምና ተውሳከ ግስ በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ

የማታ ተማሪ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝኛ መማር የጀመርኩት ካደግሁ በኋላ ቢሆንም የንግግር ክፍሎችን ዝርዝር በቃሌ ይዤዋለሁ። መስተጻምር ሐሳብን ከሐሳብ ያያይዛል፣ ተውላጠ ስም በስም ፈንታ ይገባል፣ ተውሳከ ግስ ደግሞ ድርጊቱ እንዴት፣ መቼ ወይም የት እንደተፈጸመ ይገልጻል። እነዚህን አንድ በአንድ ሲጠይቁኝ ሳላመነታ እመልሳለሁ፤ የምቸገረው ሦስቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ነው።

በቅርቡ ስለ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አጭር አንቀጽ ጽፌ ለመምህሬ ሰጥቼ ነበር፤ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ተመለሰልኝ። ከስልኬ ስለምጽፍ የእንግሊዝኛውን ቃላት በራሳችን ፊደል አስፍሬያቸዋለሁ፤ ለንባብ ትንሽ ቢያስቸግሩ ይቅርታ አድርጉልኝ። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ቢደክማትም ሥራውን ግን ጨረሰች» ለማለት «ኦልዞው ሺ ዎዝ ታየርድ፣ በት ሺ ፊኒሽድ ዘ ወርክ» ብዬ ጻፍኩ፤ መምህሬ «በት»ን ሰረዘው። በሁለተኛው «ስለመሸ ወደ ቤቷ ሄደች» ለማለት «ሺ ዌንት ሆም ቢኮዝ ዎዝ ሌት» አልኩ፤ ከ«ቢኮዝ» ቀጥሎ «ኢት» ጨመረበት። በሦስተኛው «የጻፈችው ደብዳቤ ረጅም ነበር» ለማለት «ዘ ሌተር ዛት ሺ ሮት ኢት ዎዝ ሎንግ» ብል «ኢት»ን አወጣው። በአራተኛው «ደብዳቤውን በጥንቃቄ አነበበች» የሚለውን «ሺ ሬድ ኬርፉሊ ዘ ሌተር» ብዬው ነበር፤ «ኬርፉሊ»ን ወደ መጨረሻ ወሰደው።

እርማቱን እቀበላለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልተረዳሁትም። አንዱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ኢት» ጎደለ ተብሎ ተጨመረ፣ ቀጥሎ ባለው ያው «ኢት» በዛ ተብሎ ወጣ። ይህን ሁሉ የሚያስተሳስር ሐሳብ አለ ወይስ እያንዳንዱን ለየብቻ መሸምደድ ይኖርብኛል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የቋንቋ መምህር

ጠያቂያችን፣ ስሕተቶቹ አራት ቢሆኑም የአብዛኞቹ ሥር አንድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥሩም ያለው በአማርኛው ግስ ውስጥ ነው። «ስለመጣች» የሚለውን ቃል ቀስ ብለው ይፍቱት። ከፊት ያለው «ስለ» ምክንያት የሚያመለክት መስተጻምር ነው፤ መካከል ላይ «መጣ» የሚለው ግስ አለ፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ች» መጪዋ አንዲት ሴት መሆኗን ትነግረናለች። ሦስት ሥራ የሚሠሩ ሦስት አካላት በአንድ ቃል ተሰፍተዋል ማለት ነው። እንግሊዝኛ ይህንኑ ስፌት ፈትቶ «ቢኮዝ ሺ ኬም» በማለት በሦስት ቃላት ይዘረጋዋል፤ ቅደም ተከተሉም አይናወጥም፤ መስተጻምሩ ይቀድማል፣ ተውላጠ ስሙ ይከተላል፣ ግሱ ከእነርሱ ኋላ ይመጣል። «ስትመጣ»፣ «ብትመጣ»፣ «ከመጣች በኋላ»፣ «እንደመጣች» የሚሉትም በዚሁ መንገድ ይፈታሉ። አማርኛ ተናጋሪ ሲቸኩል ከሦስቱ አንዱን ይረሳል፤ ብዙውን ጊዜ የሚረሳውም ተውላጠ ስሙን ነው፤ ምክንያቱም በራሱ ቋንቋ «እሷ» የሚለውን ለይቶ የሚናገረው ማጉላት ሲፈልግ ብቻ ነው።

አሁን ወደ «ስለመሸ» እንምጣ። ማን መሸ? በአማርኛ ይህን የሚጠይቅ የለም፤ ግሱ በራሱ ሙሉ ነው። እንግሊዝኛ ግን፣ ከትእዛዝ በስተቀር፣ የባለቤቱ ቦታ ባዶ እንዲቀር አይፈቅድም። የሚያስቀምጠው እውነተኛ ባለቤት ሲያጣ ቦታውን በ«ኢት» ይሞላል፤ ይህ «ኢት» ማንንም አይወክልም፣ ሥራው ቦታ መያዝ ብቻ ነው። «ኢት ዎዝ ሌት»፣ «ኢት ኢዝ ኮልድ»፣ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ሁሉ የዚህ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ «ቢኮዝ» ብለው ከጀመሩ በኋላ እጅዎ በቀጥታ ወደ «ዎዝ» ወይም ወደ «ኢዝ» ከሄደ ቆም ይበሉ፤ መካከሉ ላይ አንድ ባለቤት ጎድሏል።

ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ተቃራኒ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። «የጻፈችው ደብዳቤ» ስንል በግሱ ጫፍ ያለችው «ው» ደብዳቤውን ትጠቁማለች። እርስዎም ምንም እንዳይጠፋብዎ ተጠንቅቀው ያቺን «ው» ወደ «ኢት» ለወጧት። ጥንቃቄው መልካም ነበር፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛው ውስጥ «ዘ ሌተር ዛት» ሲሉ «ዛት» ራሱ የደብዳቤው ወኪል ሆኖ ወደ ፊት ወጥቷል፤ ከ«ሮት» ኋላ የነበረው ቦታ ሆነ ተብሎ ክፍት ይተዋል። «ኢት» ከጨመሩ አንዱ ደብዳቤ ሁለት ወኪል ያገኛል። «ዛት»ን ጨርሶ ቢተዉት እንኳ፣ «ዘ ሌተር ሺ ሮት ዎዝ ሎንግ» ትክክል ነው፤ «ኢት» ያኔም አይመለስም። እንግዲህ በሁለተኛው የተጨመረው የባለቤት ቦታ ባዶ ስለቀረ ነው፤ በሦስተኛው የወጣው የተሳቢው ቦታ ተወካይ አስቀድሞ ስላገኘ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርዎ ውስጥ ሳይሳሳቱ ያለፉት ነገር አለ። «ደከማት» በሚለው ቃላችን ውስጥ ሴትዮዋ የድካሙ ተቀባይ እንጂ ባለቤት አይደለችም፤ «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «አመመው» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። እንግሊዝኛ እነዚህን ሰዎች ወደ ባለቤትነት ያመጣቸዋል፤ «ሺ ዎዝ ታየርድ»፣ «አይ ኤም ሀንግሪ» ይላል። በዚህ ቦታ ከ«ሺ» ይልቅ «ኸር»፣ ከ«አይ» ይልቅ «ሚ» የሚሉ ጀማሪዎች አጋጥመውኛል፤ እርስዎ በትክክል ስለመረጡት ሊመሰገኑ ይገባል።

ተርጓሚ

መምህሩ ስለ ግሱ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ «በት» ለምን እንደተሰረዘ ልመለስበት፤ በሥራዬ ላይ በየዕለቱ የማገኘው ጉዳይ ስለሆነ።

በተለመደው እንግሊዝኛ ሁለት ሐረጎችን ለማያያዝ አንድ መስተጻምር ይበቃል። «ኦልዞው» የመጀመሪያውን ሐረግ የሁለተኛው ጥገኛ አድርጎ ተቃርኖውን ከወዲሁ ተናግሯል፤ «በት» ደግሞ ሁለት እኩል ሐረጎችን የሚያያይዝ ቃል ነው። ሁለቱ አብረው ሲመጡ አንደኛው ሐረግ በአንድ ጊዜ ጥገኛም እኩልም ሊሆን ይጠየቃል። ስለዚህ ወይ «ኦልዞው ሺ ዎዝ ታየርድ፣ ሺ ፊኒሽድ ዘ ወርክ» ይበሉ፣ ወይ «ሺ ዎዝ ታየርድ፣ በት ሺ ፊኒሽድ ዘ ወርክ» ይበሉ። «ቢኮዝ ኢት ዎዝ ሌት፣ ሶው ሺ ዌንት ሆም» የሚለውም በዚሁ ምክንያት አይሄድም፤ ከ«ቢኮዝ» ወይም ከ«ሶው» አንዱ መቅረት አለበት።

ይሁን እንጂ አማርኛው ላይ «ግን» የጨመሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። «ቢደክማትም ሥራውን ግን ጨረሰች» ስንል «ግን» ኃይል ትጨምራለች፤ ያንን ኃይል መጣል አይኖርብዎትም። «ኦልዞው ሺ ዎዝ ታየርድ፣ ሺ ስቲል ፊኒሽድ ዘ ወርክ» ይበሉ። «ስቲል» እዚህ ተውሳከ ግስ እንጂ መስተጻምር ስላልሆነ ከ«ኦልዞው» ጋር አይጋጭም። አንድን ዐረፍተ ነገር ከአማርኛ ስመልስ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ይህ «ግን» አያያዥ ነው ወይስ አጽንዖት ሰጪ የሚለውን ነው።

ወደ ዋናው ነገር ስመጣ፣ የእኛ «ግን» በትርጉሙ «በት»ን ይመስላል፤ በአቀማመጡ ግን የ«ሀውኤቨር» ወንድም ነው። «እሷ ግን ሥራውን ጨረሰች»፣ «ሥራውን ግን ጨረሰች»፣ «ጨረሰች ግን» እያልን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ እናዘዋውረዋለን። «በት» እንዲህ አይንቀሳቀስም፤ ቦታው በሁለቱ ሐረጎች ድንበር ላይ ብቻ ነው፤ «ሺ በት ፊኒሽድ» ማለት አይቻልም። «ሀውኤቨር» ግን ተውሳከ ግስ ስለሆነ፣ «ሀውኤቨር፣ ሺ ፊኒሽድ ዘ ወርክ» ወይም «ሺ፣ ሀውኤቨር፣ ፊኒሽድ ዘ ወርክ» ወይም «ሺ ፊኒሽድ ዘ ወርክ፣ ሀውኤቨር» ማለት ይቻላል። ለመለየት የምጠቀምበት ፈተና ይኸው ነው፤ ቃሉን በሐረጉ ውስጥ ወደ መካከል ወይም ወደ መጨረሻ ላንቀሳቅሰው እሞክራለሁ። ከተንቀሳቀሰ ተውሳከ ግስ ነው፤ እንቢ ካለ መስተጻምር ነው። «ዜርፎር»፣ «አዘርዋይዝ»፣ «ኔቨርዘሌስ» ፈተናውን በተውሳከ ግስነት ያልፋሉ።

ይህ ልዩነት በሥርዓተ ነጥብ ላይ ወዲያውኑ ይታያል። ተውሳከ ግስ ሁለት ሙሉ ሐረጎችን በራሱ ኃይል ማያያዝ አይችልም፤ ስለዚህ «ሺ ዎዝ ታየርድ» ካሉ በኋላ በ«ሀውኤቨር» የሚቀጥሉ ከሆነ ከፊቱ የሚገባው ሙሉ ነጥብ ወይም ሴሚኮለን ነው። ኮማ ብቻ አስቀምጦ መቀጠል በጽሑፍ ከሚነቀፉት ስሕተቶች አንዱ ነው። በ«በት» ፊት ግን ኮማ ይበቃል። ሁለት ሙሉ ሐረጎችን እኩል አድርገው የሚያያይዙት ቃላት በጣም ጥቂት ናቸው፤ የሰዋስው መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ 7 አድርገው ይቆጥሯቸዋል፤ «ፎር»፣ «ኤንድ»፣ «ኖር»፣ «በት»፣ «ኦር»፣ «ዬት»፣ «ሶው»። እነዚህን 7 በቃል መያዝ ያዋጣል።

መምህሩ ባለቤት አይጣልም ላሉት አንድ ማስተካከያ አለኝ። እንደ «ኤንድ»፣ «በት»ና «ኦር» ባሉት ኋላ ያው ባለቤት ሲደገም መተው ይቻላል፤ «ሺ ፊኒሽድ ዘ ወርክ ኤንድ ዌንት ሆም» በጣም የተለመደ አነጋገር ነው። «ሺ ዌንት ሆም ቢኮዝ ዎዝ ታየርድ» ግን አይቻልም፤ «ቢኮዝ»፣ «ዌን» ወይም «ኦልዞው» ሙሉ ግስ ያለው ሐረግ ካስከተሉ ተውላጠ ስሙ የግድ ይደገማል። ተውላጠ ስሙ መቅረት ወይም አለመቅረቱን የሚወስነው የመስተጻምሩ ዓይነት ነው ማለት ነው።

የቋንቋ መምህር

ማስተካከያውን በደስታ እቀበላለሁ፤ አገላለጼ ከልክ በላይ ጥቅል ነበር።

የጽሑፍ አራሚ

አራተኛው ዐረፍተ ነገር እስካሁን አልተነካምና እኔ ልሞክረው። በአማርኛ «ደብዳቤውን በጥንቃቄ አነበበች» ስንል «በጥንቃቄ» ከግሱ ጎን ትቀመጣለች፤ ተሳቢው ከእርሷ ወዲያ ነው። እርስዎም ያንን ጉርብትና ጠብቀው «ሬድ ኬርፉሊ» አሉ። በእንግሊዝኛ ግን የግሱ የቅርብ ጎረቤት ተሳቢው ነው፤ በተለመደው አነጋገር በግስና በተሳቢው መካከል ተውሳከ ግስ አይገባም። «ሺ ሬድ ዘ ሌተር ኬርፉሊ» ወይም «ሺ ኬርፉሊ ሬድ ዘ ሌተር» ይባላል። «እንግሊዝኛ በደንብ ትናገራለች» የሚለውም «ሺ ስፒክስ ኢንግሊሽ ዌል» ይሆናል፤ «ሺ ስፒክስ ዌል ኢንግሊሽ» የሚል ጽሑፍ በእጄ ሲገባ ጸሐፊው በሌላ ቋንቋ እንዳሰበው ወዲያው አውቃለሁ። ተሳቢው በጣም ረጅም ሲሆን ተውሳከ ግሱ ሊቀድመው ይችላል፤ ያ ግን ለኋላ የሚቆይ ትምህርት ነው።

ድግግሞሽን የሚያመለክቱት፣ እንደ «ኦልዌይስ»፣ «ኦፈን»ና «ኔቨር» ያሉት፣ የራሳቸው ልማድ አላቸው። ከተራ ግስ ይቀድማሉ፤ «ሺ ኦልዌይስ ካምዝ ኧርሊ» እንደሚባለው። «ኢዝ»ን ወይም «ዎዝ»ን ግን ይከተላሉ፤ «ሺ ኢዝ ኦልዌይስ ኧርሊ»። ረዳት ግስ ሲኖር ከመጀመሪያው ረዳት ኋላ ይገባሉ፤ «ሺ ሀዝ ኦልዌይስ ካም ኧርሊ»።

ተውላጠ ስምና ተውሳከ ግስ ፊት ለፊት የሚገናኙበት፣ ብዙም የማይነገርለት ሌላ ቦታ ደግሞ አለ። «ፒክ አፕ» ማለት «ማንሣት» ነው፤ «አፕ» እዚህ የተውሳከ ግስ ጠባይ ያላት ትንሽ ቃል ናት። ተሳቢው ስም ሲሆን «ፒክ አፕ ዘ ሌተር» ቢሉም «ፒክ ዘ ሌተር አፕ» ቢሉም ትክክል ነው። ስሙ በተውላጠ ስም ሲተካ ግን ምርጫው ይጠፋል፤ «ፒክ ኢት አፕ» ብቻ ይባላል፣ «ፒክ አፕ ኢት» አይባልም። «ተርን ዘም ኦፍ»፣ «ፑት ኢት ኦን»፣ «ኮል ሂም ባክ» በዚሁ ሥርዓት ይሄዳሉ። የማስረዳው እንዲህ ነው፤ እንግሊዝኛ አዲስ ወይም ከበድ ያለውን ነገር ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ መግፋት ይወዳል፤ «ኢት» ግን አስቀድሞ የታወቀን ነገር ብቻ ስለሚያመለክት ቀላል ናት፣ መጨረሻውንም ለ«አፕ» ትለቃለች። «ሉክ አት ኢት» ከዚህ ጋር እንዳይደባለቅብዎ፤ እዚያ «አት» መስተዋድድ ስለሆነች ተውላጠ ስሙ ከእርሷ ኋላ እንጂ ከፊቷ አይገባም።

የማታ ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ስለመጣች» ሲፈታ በማየቴ ብቻ ለብዙ ጊዜ የቆየ ጭጋግ ተገፈፈልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። በማነብበው ጽሑፍ ውስጥ «ዌን ሺ አራይቭድ፣ ሣራ ኮልድ አስ» የሚል አገኘሁ። ተውላጠ ስም በስም ፈንታ የሚገባ ከሆነ ስሙ ሳይጠቀስ «ሺ» እንዴት ቀደመች? «ሺ» ሣራ ናት ወይስ ሌላ ሴት? ሁለተኛው ለማነጻጸር የሚያገለግለው «ዛን» የሚለው ቃል ነው፤ ከእርሱ ኋላ «አይ» ነው የሚባለው ወይስ «ሚ»?

የቋንቋ መምህር

የመጀመሪያው ጥያቄዎ በጣም የምወደው ጉዳይ ነው። በጠቀሱት ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ሺ» ሣራ ልትሆን ትችላለች፤ ሌላ የሚጠቁም ነገር ከሌለም አንባቢ የሚረዳው እንደዚያ ነው። በአማርኛም «ስትደርስ ሣራ ደወለችልን» ስንል ደራሿ ሣራ ራሷ ትመስለናለች። አሁን «ሺ»ንና «ሣራ»ን እንለዋውጣቸው፤ ዋናውንም ሐረግ እናስቀድመውና «ሺ ኮልድ አስ ዌን ሣራ አራይቭድ» እንበል። ቃላቱ ያው ቢሆኑም ደዋይዋ ከእንግዲህ ሣራ ልትሆን አትችልም፤ ሌላ ሴት ናት። «ሺ አራይቭድ ኤንድ ሣራ ኮልድ አስ» ብንልም ሁለት ሴቶች አሉ። ልዩነቱን ያመጣው መስተጻምሩ ነው። ተውላጠ ስም የሚወክለውን ስም ቀድሞ መምጣት የሚችለው «ዌን»፣ «ቢኮዝ» ወይም «ኦልዞው» በሚመሩት ጥገኛ ሐረግ ውስጥ ሲሆን ነው፤ በዋናው ሐረግ ባለቤትነት ወይም በ«ኤንድ» ከተያያዙት እኩል ሐረጎች በፊተኛው ውስጥ ሲሆን ግን ወደ ፊት ያለውን ስም ሊጠብቅ አይችልም። በ«ኤንድ» ያልነውን ወደ «ዌን» ስንለውጥ የሰዎቹ ቁጥር ራሱ ከ2 ወደ 1 ሊወርድ መቻሉ፣ መስተጻምርና ተውላጠ ስም ተለያይተው መጠናት እንደሌለባቸው ያሳየኛል።

«ዛን»ን በተመለከተ፣ በዕለት ተዕለት ንግግር «ሺ ኢዝ ቶለር ዛን ሚ» የተለመደ ነው፤ ጠንቃቃ ጽሑፍ ውስጥ «ሺ ኢዝ ቶለር ዛን አይ ኤም» ቢሉ ማንም አይቃወምዎትም። ለትርጉሙ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግሱ ተሳቢ ሲኖረው ነው። «ሺ ላይክስ ሂም ሞር ዛን አይ ዱ» ማለት እሱን ከእኔ ይልቅ እሷ አብልጣ ትወደዋለች ማለት ነው፤ «ሺ ላይክስ ሂም ሞር ዛን ሚ» ግን እሱን ከእኔ አስበልጣ ትወዳለች ወደሚለው ያዘነብላል። ስሞች በእንግሊዝኛ ውስጥ የባለቤትና የተሳቢ መልካቸው አንድ ስለሆነ ይህን መለየት አይችሉም፤ ከጥቂት ተውላጠ ስሞች በስተቀር ያን አሮጌ ልዩነት የያዘ የለም። «ዩ» ራሱ በጥንት ጊዜ የተሳቢ መልክ ብቻ ነበረ፤ ባለቤቱ «ዪ» ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን «ዩ» ሁለቱንም ያገለግላል።

የማታ ተማሪ

አንቀጹን በምክራችሁ መሠረት እንደገና ጻፍኩት። «ኦልዞው ሺ ዎዝ ታየርድ፣ ሺ ስቲል ፊኒሽድ ዘ ወርክ። ዘ ሌተር ሺ ሮት ዎዝ ሎንግ፤ ሀውኤቨር፣ ሺ ሬድ ኢት ኬርፉሊ። ሺ ፒክድ ኢት አፕ፣ ዜን ሺ ዌንት ሆም ቢኮዝ ኢት ዎዝ ሌት።» የቀረ ስሕተት ካለ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ተርጓሚ

ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች እንከን የላቸውም፤ በሁለተኛው ውስጥ «ሬድ ኢት ኬርፉሊ» ላይ ተውላጠ ስሙ ከግሱ ቀጥሎ፣ ተውሳከ ግሱ ከእርሱ ኋላ መግባቱ በተለይ አስደስቶኛል። በሦስተኛው ውስጥ «ዜን»ን ይመልከቱት። «ዜን ሺ ዌንት ሆም» የሚለውን «ሺ ዜን ዌንት ሆም» ማለት ስለሚቻል ፈተናችን ተውሳከ ግስ ነው ይለናል፤ ስለዚህ ከፊቱ ያለችው ኮማ ብቻዋን ሁለቱን ሙሉ ሐረጎች አታያይዝም። አያያዡን «ኤንድ»ን ከጨመሩበት፣ ባለቤቱም ያው ስለሆነ «ሺ»ን መተው ይችላሉ፤ «ሺ ፒክድ ኢት አፕ ኤንድ ዜን ዌንት ሆም ቢኮዝ ኢት ዎዝ ሌት» ይሆንልዎታል። ከ«ቢኮዝ» ኋላ ያለችውን «ኢት» ግን እንዳይነኳት።